አደባባዩ የማን ነው?
ስለ «አል ሚዳን» ዘጋቢ ፊልም የቀረበ ሂስ

በኢትዮጵያ የቀድሞ ዘመን ልማድ የአገር ገዢ የሕዝቡን የልብ ትርታ ለማዳመጥ ሲሻ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ያስጠይቅ እንደ ነበር ይነገራል። እረኛው ከብቱን እያገደ የሚያንጎራጉራት ስንኝ ባለቤት የላትም፤ ማን እንደ ጀመራት፣ ማን ቃል እንደ ለወጠባት አይታወቅም። ኃይሏም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። የማንም ስላልሆነች የሁሉም ነበረች፤ ተናጋሪዋን ለይቶ ማሰርም አይቻልም ነበር። ዛሬ የእረኛውን ቦታ ኢንተርኔትና ማኅበራዊ መገናኛ ወርሰውታል የሚል አስተያየት ከምሁራንም ከወጣቶችም አፍ ይሰማል። ንጽጽሩ ደስ ይላል። ይሁን እንጂ አንድ ዐቢይ ጉዳይ ይዘላል። የዛሬው እረኛ የሚያንጎራጉርበት ሜዳ የግል ድርጅት ንብረት ነው፤ እያንዳንዷ ስንኝ ትቆጠራለች፣ ከማን አፍ እንደ ወጣች ትመዘገባለች፣ የአድማጩም ጆሮ ለማስታወቂያ ነጋዴ ይሸጣል።

ኢንተርኔትና ማኅበራዊ መገናኛ ለዴሞክራሲ ይበጃሉ ወይስ ይጎዳሉ የሚለው ጥያቄ በጥቅሉ ሲነሣ እንዲሁ በጥቅሉ ወደሚቀር ሙግት ያመራል። አንዱ ወገን ቴክኖሎጂን የነጻነት መልአክ አድርጎ ሲያወድስ፣ ሌላው የብጥብጥ ጋኔን አድርጎ ሲያወግዝ፣ በመካከሉ ሰው የሚባለው ፍጡር ይረሳል። ስለዚህ ጥያቄውን በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሕዝብና በአንድ የኪነጥበብ ሥራ ላይ አሳርፎ መመርመር ይሻላል። ከተማዋ ካይሮ ናት፤ ሥራው ግብጻዊት አሜሪካዊቷ ጂሃን ኑጄም ያዘጋጀችው፣ ካሪም አሜር በፕሮዲዩሰርነት የተሳተፈበት «አል ሚዳን» ማለትም «አደባባዩ» የተሰኘው የ2013 ዘጋቢ ፊልም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ፣ ዓ.ም. ከተባሉት በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኑጄም ከዚያ ቀደም በ2004 ስለ አል ጀዚራ ቴሌቪዥንና ስለ ኢራቅ ጦርነት በሠራችው ፊልም የታወቀች፣ የምስልን ፖለቲካ አስቀድማ የምታውቅ ባለሙያ ናት።

ፊልሙ የሚጀምረው በጨለማ ነው። መብራት ጠፍቷል፤ የጠፋው በአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን በሰፊው መሆኑን ሰዎቹ ይነጋገራሉ። ከጨለማው ውስጥ የሚወጣው ወጣት አሕመድ ሐሰን ነው። ገና በስምንት ዓመቱ የትምህርት ቤት ክፍያውን ለመሸፈን በየመንገዱ ሎሚ ይሸጥ የነበረ የድኻ ልጅ ነው። ፈገግታው የማይጠፋ፣ ጩኸት የሚወድ፣ በቀላሉ የሚቆጣ፣ በቀላሉም የሚታረቅ ሰው ነው። አዘጋጇ ሌሎችንም መርጣለች፤ በእንግሊዝ አገር ያደገውን ተዋናይ ኻሊድ አብደላን፣ በሙባረክ ዘመን እስራትና ግርፋት የደረሰበትን የእስላማዊ ወንድማማቾች አባል ማግዲ አሹርን፣ ጊታሩን ይዞ በአደባባዩ የዘፈነውን ራሚ ኢሳምን፣ የሕግ ባለሙያዋን ራጊያ ዑምራንን፣ የፊልም ባለሙያዋን አይዳ ኤል ካሽፍን። እነዚህ ሰዎች ከጃንዋሪ 25 ቀን 2011 (ጥር 17 ቀን 2003 ዓ.ም.) አንሥቶ በታሕሪር አደባባይ ሲገናኙ፣ ሲፈነጥዙ፣ ሲለያዩና ሲጎዱ እስከ 2013 ክረምት ድረስ ካሜራው ይከተላቸዋል።

የሥራው የመጀመሪያ ብርታት ካሜራው የቆመበት ከፍታ ነው። ከሰው ዓይን ከፍታ አይወጣም ለማለት ይቻላል። ድንጋይ ሲወረወር ያጎነብሳል፣ ጭስ ሲመጣ ያስነጥሰዋል፣ ሰው ሲሮጥ አብሮ ይሮጣል። ተመልካች ድሉን እንደ ዜና ሳይሆን እንደ ላብ ይቀበለዋል። የወታደሮቹ ድብደባ በራሚ ኢሳም ጀርባ ላይ የተወው ሰንበር ሲታይ ስለ ጭካኔ አንድም ቃል መጨመር አያስፈልግም። ወጣቱ ማርች 9 ቀን 2011 በግብጽ ቤተ መዘክር ቅጥር ግቢ ውስጥ ነበር የተሰቃየው። ፈርዖናዊ ቅርስ በተጠበቀበት ቤት ሕያው ዘፋኝ ተገረፈ። አዘጋጇ ይህን ምጸት አንሥታ አትዘምርበትም፤ ዝምታዋም የጨዋ ባለሙያ ዝምታ ነው። በምዕራፎቹ መካከል ሠዓልያን በካይሮ ግድግዳዎች ላይ ሥዕል ሲሥሉ ማሳየቷም የተሳካ ዘዴ ነው፤ ዘመኑ ሲለወጥ ግድግዳውም ይለወጣልና።

በይዘት ረገድ ግን ሥራው ሳይመረመር የሚታለፍ አይደለም። የ2011ዱ የግብጽ ሕዝባዊ እንቅስቃሴ በምዕራባውያን ጋዜጦች «የፌስቡክ አብዮት» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። «አል ሚዳን» ይህን ስም በቀጥታ አይቀበልም፤ በቀጥታም አይቃወምም። ኢንተርኔቱ በፊልሙ ውስጥ እንደ አየር ነው፤ ሁሉም ይተነፍሰዋል፣ ማንም ስለ እሱ አይጠይቅም። ኻሊድ በኮምፒውተር መስኮት ውጭ አገር ከሚኖሩት አባቱ ጋር የሚነጋገርባቸው ትዕይንቶች የዚህ ማስረጃ ናቸው። አባትዬው በ1970ዎቹ የግብጽ ተማሪዎች እንቅስቃሴ የተሳተፉ ሐኪም ናቸው። ልጁ በአደባባዩ ግለት ሲናገር አባት የሚመልሱለት ከቆየ ቁስል ነው። በወረቀት ማባዣ በራሪ ጽሑፍ ያሠራጭ የነበረው ትውልድና ምስል በቅጽበት ወደ ዓለም የሚልከው ትውልድ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ የሚያገናኛቸውም ራሱ ኢንተርኔቱ ነው። የየካቲት 66ን ትውልድ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ከዚህ ትዕይንት የበለጠ ልብ የሚነካ በፊልሙ ውስጥ ማግኘት ያዳግተዋል። አዘጋጇ ግን የሁለቱን መሣሪያዎች ልዩነት ሳትጠይቅ የአባትና የልጅን ፍቅር ብቻ ይዛ ታልፋለች። ታላቅ ድራማ በእጇ ገብቶ ነበር።

ያልተጠየቀውን ጥያቄ ለመጠየቅ ከፊልሙ በፊት ወደ ነበረው ጊዜ መመለስ ያሻል። ጁን 6 ቀን 2010 በእስክንድርያ ከተማ ኻሊድ ሰዒድ የተባለ የ28 ዓመት ወጣት በፖሊሶች ተደብድቦ ሞተ። የተበላሸው ፊቱ ፎቶግራፍ በኢንተርኔት ተሠራጨ። በጉግል ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዋኤል ጎኒም ስሙን ሸሽጎ «ሁላችንም ኻሊድ ሰዒድ ነን» የሚል የፌስቡክ ገጽ ከፈተ፤ ጃንዋሪ 25 ቀን ወደ አደባባይ የሚጠራውም ጥሪ በዚህ ገጽ ተላለፈ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የቴክኖሎጂ ውዳሴ ይመስላል። በኖቬምበር 2010 ግን በምክር ቤት ምርጫ ዋዜማ ገጹ በድንገት ተሰወረ። የሰወረው የሙባረክ ፖሊስ አይደለም፤ የፌስቡክ ድርጅት ነው። ምክንያቱም የገጹ ከፋች በእውነተኛ ስሙ አልተመዘገበም የሚል ነበር። በእውነተኛ ስሙ ቢመዘገብ ደግሞ የሚጠብቀው ወህኒ ቤት ነበር። ገጹ የተመለሰው በአሜሪካ የምትኖር አንዲት ሴት ስሟን ካዋሰች በኋላ ነው። እንግዲህ የአንድ ሕዝብ የቁጣ መሰብሰቢያ በሌላ አገር ባለ ድርጅት የውስጥ ደንብ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ታሕሪር አደባባይ የመንግሥት ነው፤ ሕዝቡ ሊይዘው፣ ሊነጠቀውም ይችላል። ያኛው አደባባይ ግን የማን ነው? ስሙ «አደባባዩ» በሆነ ፊልም ውስጥ ይህ ጥያቄ አለመነሣቱ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

ሁለተኛው ማስረጃ ከዚህም ይከብዳል። ጃንዋሪ 28 ቀን 2011 ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንግሥት ኢንተርኔቱን በመላ አገሪቱ ቆረጠ፤ የእጅ ስልክም ዝም አለ። (መስመር ሲቆረጥ ምን ስሜት እንደሚሰጥ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያሻም።) የዚያን ዕለት ምን ሆነ? «የቁጣ ዓርብ» የተባለው ቀን ይኸው ነው። የፖሊሱ ኃይል የተሰበረው፣ የገዢው ፓርቲ ዋና መሥሪያ ቤት የተቃጠለው፣ ሕዝቡ አደባባዩን የያዘው መስመሩ በተዘጋበት ቀን ነው። ኢንተርኔቱ የተመለሰው ፌብሩዋሪ 2 ቀን ነበር። በቤቱ ተቀምጦ በመስኮቱ ይከታተል የነበረው ሰው መስኮቱ ሲጨልምበት ልጁ የት እንደ ደረሰ ለማወቅ፣ ወሬ ለመስማት፣ ወይም በንዴት ብቻ ወደ መንገድ ወጣ። በየመስጊዱ የዓርብ ጸሎት የተሰበሰበው ምእመንም ጥሪ በስልክ አልጠበቀም። እንግዲህ «የፌስቡክ አብዮት» የሚለውን ስያሜ የሚያስተባብለው የአብዮቱ የራሱ የቀን መቁጠሪያ ነው።

ይህን በመጥቀስ ኢንተርኔቱ ዋጋ አልነበረውም ማለት ደግሞ ሌላ ስሕተት ይሆናል። ለወራት የተለያዩ ሰዎችን ብቻቸውን አለመሆናቸውን ያሳወቃቸው እሱ ነው። ፍርሃት የሚኖረው እያንዳንዱ የሚፈራው ብቻውን እንደ ሆነ ሲያስብ ነውና ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ሆኖም ማሳወቅ አንድ ነገር ነው፤ ማደራጀት ሌላ ነው።

እዚህ ላይ የፊልሙ ሌላ ክፍተት ይታያል። ከካይሮ በስተሰሜን በናይል ዴልታ የምትገኘው የማሐላ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች በዲሴምበር 2006 ከ20,000 በላይ ሆነው አድማ መትተዋል። በኤፕሪል 6 ቀን 2008 ለተጠራው አድማቸው ድጋፍ ለመስጠት የተከፈተ የፌስቡክ ቡድን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አገኘ፤ የ«ኤፕሪል 6» የወጣቶች እንቅስቃሴም ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ማለትም አሳቡ ከፋብሪካው ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ እንጂ ከኮምፒውተሩ ወደ ፋብሪካው አልመጣም። ሙባረክ ፌብሩዋሪ 11 ቀን ከመውረዳቸው በፊት በነበሩት የመጨረሻ ቀናትም የሥራ ማቆም አድማ በየከተማው ተስፋፍቶ ነበር። በ«አል ሚዳን» ውስጥ ግን ማሐላ የለችም። አዘጋጇ በአደባባዩ ላይ ያገኘቻቸውን ሰዎች ተከተለች፤ ካሜራ ያለው ሰው ካሜራ ያለውን ሰው ያያል። ጠዋት ተነሥቶ መዘውር የሚያዞረው፣ ማታ ደክሞት የሚተኛው ሠራተኛ በሁለቱም አደባባዮች፣ በሲሚንቶውም በመስተዋቱም፣ አልታየም። ዘጋቢ ፊልም ሁሉን ማሳየት አለበት የሚል ሕግ የለም። ይሁን እንጂ ሥራው ሕዝብን እወክላለሁ ሲል ሕዝብ የሚለው ቃል ስንቱን እንደሚያቅፍ መጠየቅ የሐያሲ ግዴታ ነው።

ኻሊድ በፊልሙ ውስጥ ውጊያው በድንጋይ ብቻ ሳይሆን በምስልና በተረክ መሆኑን ይናገራል። ካሜራ እስካለ ትግሉ አይሞትም የሚል እምነትም ከሥራው ይሰማል። ይህ እምነት ምን ያህል እውነት እንደ ነበር ኦክቶበር 9 ቀን 2011 የደረሰው ያሳያል። በማስፔሮ፣ በመንግሥት የቴሌቪዥን ሕንጻ አጠገብ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው መፍረሱን በመቃወም የተሰለፉ ቅብጦች በወታደራዊ ተሽከርካሪ ተረገጡ፣ በጥይትም ተመቱ፤ ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በዚያች ሌሊት የመንግሥቱ ቴሌቪዥን ሠራዊቱ በቅብጦች እንደ ተጠቃ አድርጎ ዘገበ፤ ቅን ዜጎች ወጥተው ሠራዊቱን እንዲጠብቁም ጥሪ አሰማ። የጥላቻ ወሬ የማኅበራዊ መገናኛ ፈጠራ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ይህን ሌሊት ሊያስታውስ ይገባዋል። ወሬውን የነዛው ፈቃድ፣ ሕንጻና ደመወዝ ያለው ተቋም ነበር፤ እውነቱን ያወጣው በእጅ ስልክና በትንሽ ካሜራ የተቀረጸ ምስል ነው።

ነገር ግን ያ ምስል በኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ ቢቀር ኖሮ የሚያየው ቀድሞውንም ያመነው ብቻ በሆነ ነበር። የካይሮ ወጣቶች ይህን ቶሎ ተረዱ። ኻሊድ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት «ሞሲሪን» የተባለው የፊልም ባለሙያዎች ኅብረት በ2011 ክረምት በታሕሪር በተደረገው የመቀመጥ አድማ ጊዜ መጋረጃ ተክሎ ምስሎቹን ለተሰበሰበው ሕዝብ አሳየ። ከዲሴምበር 2011 ጀምሮ ደግሞ «ካዚቡን»፣ ማለትም «ሐሰተኞች» የተባለው ዘመቻ ፕሮጀክተር ተሸክሞ በየሰፈሩ እየዞረ በግድግዳ ላይ ያሳይ ገባ። ሻይ ሲጠጣ የነበረ ሰው፣ እንጀራ ፍለጋ ሲመለስ የነበረ ሰው፣ ፌስቡክ ከፍቶ የማያውቅ ሰው፣ ሠራዊቱን የሚወድ ሰው ሳይቀር ቆሞ አየ። ተከራከረም፤ አንዳንድ ቦታ ድንጋይም ተወረወረ። ከዚህ ዘመቻ የተሻለ የሕዝብ ቲያትር በዚያ ዘመን የትም አልተሠራም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተመልካቹ አልተመረጠም፤ ከማይስማማው ጎረቤቱ ጎን ቆሞ ነው የሚያየው፤ አልስማማም ሲልም ፊቱ ይታያል። የማኅበራዊ መገናኛው ስሌት ሰውን ከመሰሉ ጋር ያስቀምጠዋል፤ ግድግዳው ከጎረቤቱ ጋር አስቀመጠው።

የሰልፉ ኃይል በምርጫ ሣጥን ፊት ምን እንደ ሆነ ደግሞ አኃዝ ይናገራል። ማርች 19 ቀን 2011 በተደረገው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሕዝበ ውሳኔ የአደባባዩ ወጣቶች «አይሆንም» ሲሉ፣ ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ 77 በመቶው «ይሁን» አለ። በሜይ 2012 በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ የመጀመሪያ ዙር ሞሐመድ ሙርሲ ከመቶ 25 ያህል፣ የሙባረክ የመጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር አሕመድ ሻፊቅ ከመቶ 24 ያህል አገኙ። ብዙዎች የአብዮቱ ደጋፊዎች የመረጧቸው ሐምዲን ሳባሒና ዐብደል ሙንዒም አቡል ፉቱሕ በየበኩላቸው ከመቶ 21 እና ከመቶ 17 ያህል ይዘው ወደቁ። የሁለቱ ድምፅ ቢደመር ከማንኛውም ተወዳዳሪ ይበልጥ ነበር። ይህን ድምር የሚሠራ የፓርቲ ሸንጎ፣ የመንደር ኮሚቴ፣ ሌሊት ቁጭ ብሎ የሚከራከር ማኅበር አልነበረም። በአንጻሩ የሙስሊም ወንድማማቾች ከ1928 ጀምሮ የተሠራ የቅርንጫፍ መረብ ነበራቸው፤ ሠራዊቱም ሠራዊት ነው።

በፊልሙ መጨረሻ አካባቢ አሕመድ የሚያስፈልገው መሪ ሳይሆን ኅሊና መሆኑን ይናገራል። ንግግሩ ውብ ነው፤ አዘጋጇም እንደ መደምደሚያ ትወደዋለች። ይሁን እንጂ ይህ ውበት አደገኛ ውበት ነው። መሪ አልባነት በኢንተርኔት ዘመን እንደ ጸጋ ተቆጥሯል፤ የሚታሰር ራስ የለውምና። ራስ የሌለው አካል ግን አይደራደርም፣ ቃል አይገባም፣ ከተሳሳተም የሚጠየቅ የለውም። ፊልሙ ይህን ድክመት በአሕመድ ፈገግታ ውስጥ ይሸፍነዋል። ተመልካች አሕመድን ስለሚወድ አሳቡን ሳይመዝን ይቀበላል፤ የገጸ ባሕሪ ፍቅር የአሳብ ሚዛን ሲያዛባ የሚታይበት ግልጽ ምሳሌ ነው።

የሥራው ልብ ግን አሕመድ ብቻውን አይደለም፤ አሕመድና ማግዲ ናቸው። ሁለቱ በአደባባዩ ድንኳን ውስጥ ወዳጆች ሆኑ፤ አንዱ ዓለማዊ፣ ሌላው ሃይማኖተኛ። ድርጅቱ ከአደባባዩ ሲወጣ ማግዲ ይቸገራል፤ እንዳይወጣ ወዳጆቹ፣ እንዲወጣ ድርጅቱ ይስበዋል፤ ልጁም እያየው ነው። ጁላይ 3 ቀን 2013 ሠራዊቱ ሙርሲን ካወረደ በኋላ ማግዲ ከድርጅቱ ሰልፈኞች ጋር ሲሆን አሕመድ ስለ ደኅንነቱ ይጨነቃል። በዚህ ጊዜ አገሩ በሁለት ተከፍሏል፤ በየስልኩ መስተዋት ላይ አንዱ ወገን ሌላውን አሸባሪ፣ ሌላውም አንዱን ከሃዲ እያለ ይሰድባል። ኦገስት 14 ቀን 2013 በራባዓ አደባባይ የተሰበሰቡት ሲበተኑ ሂዩማን ራይትስ ዎች እንደ መዘገበው ቢያንስ 817 ሰዎች ተገደሉ። ብዙ ሕዝብ፣ ከነዚህም ውስጥ ትናንት ስለ ነጻነት የዘመሩ፣ በዝምታ ወይም በጭብጨባ አለፉት። አሕመድ ግን ማግዲን የሚያውቀው ከመስተዋት አይደለም፤ አብሮት ዳቦ ቆርሷል፣ አብሮት ጋዝ ታፍኗል። ስለዚህ መጥላት አልቻለም። ፊልሙ በአንደበቱ ያልተናገረውን በነዚህ ሁለት ሰዎች ተናግሯል።

የ«ሁላችንም ኻሊድ ሰዒድ ነን» ገጽ መሥራች ጎኒም ራሱ በ2015 በአደባባይ በሰጠው ንግግር፣ በ2011 አንድን ኅብረተሰብ ነጻ ለማውጣት ኢንተርኔት ብቻ ይበቃል ብሎ መናገሩን አስታውሶ መሳሳቱን ገለጸ። አሉባልታ ከእውነት እንደሚፈጥን፣ ሰው ከመሰሉ ጋር ብቻ እንደሚነጋገር፣ ክርክር ወደ መንጋ ስድብ እንደሚለወጥ ዘረዘረ። በገዛ እጁ የሠራውን እንዲህ የሚመረምር ሰው ክብር ይገባዋል። ቢሆንም ጥፋቱ በሰው ጠባይ ላይ ብቻ የሚወድቅ አይደለም። ፍራንሲስ ሆገን የተባለች የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ በ2021 ይፋ ያወጣቻቸው ሰነዶች እንደሚያሳዩት፣ ድርጅቱ በ2018 የገጹን አቀራረብ ሲለውጥ ለውጡ ቁጣን የሚያስነሣ ጽሑፍ ይበልጥ እንዲሠራጭ ማድረጉን የራሱ ተመራማሪዎች አስጠንቅቀው ነበር። ሆገን በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርባ ስትመሰክር ጉዳቱ ከደረሰባቸው አገሮች አንዷ አድርጋ ኢትዮጵያን መጥራቷ ይታወሳል። የሰው ቁጣ ጥንትም ነበረ፤ አዲሱ ነገር ቁጣው ትርፍ የሚቆጠርበት ሸቀጥ መሆኑ ነው።

ወደ ፊልሙ ቅርጽ ስንመለስ ስለ ቅንብር አንድ ነገር መባል አለበት። ምስል አይዋሽም የሚል አባባል አለ፤ ይህ ግን ገና ያልተቀነባበረ ምስልን ብቻ የሚመለከት ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው መቀስ ግን አሳብ ነበረው፤ መቀሱን የያዘውም ማሠራጫውን የያዘው ነው። በጁን 30 ቀን 2013 በካይሮ የተደረገው ታላቅ ሰልፍ ከሠራዊቱ ሄሊኮፕተር ተቀርጾ በየቴሌቪዥኑ ሲታይ ሰው ሁሉ ነጥብ ሆነ፤ ነጥብ ደግሞ አይጠይቅም። «አል ሚዳን» በአብዛኛው ከምድር ማየቱ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የሞራል ምርጫ ነው።

ይሁንና አዘጋጇም መቀስ ይዛለች። ፊልሙ በጃንዋሪ 2013 በሰንዳንስ በዓል ቀርቦ የተመልካች ሽልማት ሲያገኝ የሚያበቃው በሙርሲ ምርጫ ነበር። ታሪኩ ስላላቆመ አዘጋጇ ወደ ካይሮ ተመልሳ ቀረጸች፣ መጨረሻውንም ለወጠች። ለእውነት ያላትን ታማኝነት የሚያስመሰግን ተግባር ነው። ነገር ግን ከአዲሱ መጨረሻ የተነሣ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ተጣድፈው ያልፋሉ፤ የ2011 ዱ ሕዝበ ውሳኔ እንደ ዋዛ ይታለፋል፤ የራባዓው እልቂትም በጥቂት ምስሎች ይዘጋል። ፊልሙ በየወሩ እየተለወጠ ከሚሄድ ክስተት ጋር ሲሽቀዳደም ራሱ የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ ጠባይ ያዘ፤ የመጨረሻው የቀደመውን ይገፋዋል።

የሥራው የኋላ ዕጣ ከይዘቱ ጋር የተያያዘ ነው። ከሕዝብ በኢንተርኔት በተሰበሰበ መዋጮም ታግዞ የተሠራው ፊልም ለኦስካር ታጨ፣ በ2014 ሦስት የኤሚ ሽልማቶች አገኘ፣ በኔትፍሊክስ አማካይነት በብዙ አገሮች ታየ። በተሠራበት አገር ግን በሲኒማ ቤት በይፋ ለመታየት ፈቃድ ሳያገኝ ቀርቶ፣ ግብጻውያን ያገኙት በዚያው በኢንተርኔት ነበር። ራሚ ኢሳም በ2014 ወደ ስዊድን ሄደ። በ2018 ከስደት አገሩ ያወጣው የሽሙጥ ዘፈን በዩቲዩብ ተሠራጨ፤ ዘፋኙን የማይደርስበት ክንድ ግን አገር ቤት የቀሩትን ደረሰባቸው። የዘፈኑ ግጥም ደራሲ ጋላል ኤል ቤሔይሪ በወታደራዊ ፍርድ ቤት የ3 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ምስሉን ያቀነባበረው ወጣት ሻዲ ሐበሽ ያለ ፍርድ ከሁለት ዓመት በላይ ታስሮ በሜይ 2020 በቶራ ወህኒ ቤት ሞተ። በዚያው በ2018 የወጣው የግብጽ ሕግ ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለውን የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ እንደ ማንኛውም የዜና ማሠራጫ በቁጥጥር ሥር አዋለ። የእረኛው ስንኝ ባለቤት ተገኘላት ማለት ነው።

የሞሲሪን ኅብረት ደግሞ በጃንዋሪ 2018፣ አብዮቱ በተጀመረ በሰባተኛው ዓመት፣ ለዓመታት የሰበሰባቸውን የ858 ሰዓት ምስሎች በቤተ መዛግብት መልክ ለሕዝብ ከፈተ። ምስሎቹ ከአንድ ዐቢይ ተረክ ጋር አልተሰፉም። የተቀረጹበት ቀንና ቦታ ተጽፎባቸዋል፤ የፈለገ ሰው ይፈልጋል፣ ያያል፣ ወስዶም ይሠራባቸዋል። የሚመረጥለት ስሌት የለም፣ ወዳጅ የሚቆጥርበት ምልክትም የለም። በውስጡ ከዝነኞቹ ሰልፎች ጋር የአድማ መቺ ሠራተኞች ድምፅ፣ የሟች ቤተሰቦች ምስክርነት፣ ካሜራው ተረስቶ መሬት መሬቱን የቀረጸበት ረጅም ደቂቃም ይገኛል።